ድንጋይ ማለስለሻና የጎረቤት እንቅልፍ

ድንጋይን በመኪና አሽከርክሮ ማለስለስ በአገራችን ገና ብዙ ሰው የማያውቀው ሥራ ነው። ለቀለበትና ለአንገት ጌጥ የሚሆነውን ድንጋይ በእጃቸው የሚሞርዱ ባለሙያዎች መኖራቸውን እናውቃለን፤ ይልቁንም በወሎ በወገል ጤና አካባቢ በ2008 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኦፓል ከተገኘ ወዲህ ሥራው እየታወቀ ሄዷል። እኔ ግን ብዕር ያነሣሁት ስለ ጌጡ ሳይሆን፣ ከጌጡ አስቀድሞ ስለሚመጣው ጫጫታ ነው። ነገሩ በመጀመሪያ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። በጋራ ሕንፃ ውስጥ ለሚኖር ሰው ግን ትንሽ አይደለም።

መኪና ስል እንደ ልብስ ስፌት መኪና ያለውን ማለቴ እንጂ በመንገድ የሚሄደውን አይደለም። መኪናይቱ በጣም ቀላል ናት። ሁለት ዘንጎች ጎን ለጎን ተጋድመው አንዱን ሞተር በቺንጋ ያዞረዋል፤ በዘንጎቹ ላይ አንዲት ትንሽ በርሜል ትቀመጥና አብራ ትዞራለች። በበርሜሏ ውስጥ ድንጋይ፣ ውኃና የሚሞርድ ዱቄት ይጨመራል። ዱቄቱ ሲሊከን ካርባይድ ይባላል፤ አሜሪካዊው ኤድዋርድ አቺሰን በ1891 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሰው ሠራሽ አልማዝ ለማግኘት ሲሞክር ያገኘው ነገር ነው። ከአልማዝ ጥቂት ብቻ ስለሚያንስ ማንኛውንም የወንዝ ድንጋይ ይበላል። ወንዝ በብዙ ሺህ ዓመት የሚሠራውን ሥራ ይህች በርሜል በአንድ ወር ትሠራዋለች ማለት ነው።

ችግሩም ያለው በዚሁ በአንድ ወር ላይ ነው። መጀመሪያ በሻካራው ዱቄት ሰባት ቀን ያህል፣ ቀጥሎ በመካከለኛው ሰባት ቀን፣ ከዚያ በደቃቁ፣ በመጨረሻም በማብረቂያው ሰባት ቀን ይሄዳል። በየመካከሉ ታጥቦ ከመቀየሩ በቀር ሌሊትም ቀንም አይቆምም። የእንጨት መሰንጠቂያ ቢሆን ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ጮኾ ዝም ይላል፤ ጎረቤትም ይታገሣል። ይህች ግን ድምፅዋ ብዙ ባይሆንም ማለቂያ የለውም። አያቴ ድምፁን መጀመሪያ የሰሙ ዕለት «ይኼ ደግሞ መቼ ነው ፈጭቶ የሚጨርሰው?» ብለው ጠየቁኝ። በአንድ ወር አልኳቸው። እሳቸው በልጅነታቸው ሌሊት ተነሥተው በድንጋይ ወፍጮ የፈጩ ሰው ናቸውና «ለአንድ ወር የሚፈጨውስ ስንት ቁና ነው?» አሉ። ከ1 ኪሎ ተኩል የማይሞላ ጠጠር መሆኑን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ጓዳ ገቡ።

መኪናይቱን ያመጣልኝ በአሜሪካ የሚኖረው አጎቴ ነው። ከአያቴ አገር ከሰሜን ሸዋ በመጣሁ ቁጥር ኪሴን በጠጠር ሞልቼ መመለሴን ያውቃል። የዚያ አገር መሬት ከጥንት እሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ በድንጋዩ ውስጥ በነበሩት የአየር ቀዳዳዎች ሲሊካ እየገባ ረግቷል፤ ጥቁሩ ድንጋይ ሲፈርስ ነጭ፣ ግራጫና ቀይ ጠጠር በወንዙ ዳር ይቀራል። አጎቴም ይህን አስቦ መኪናዋን ከነዱቄቷ በሻንጣ ይዞልኝ መጣ። የአሜሪካ ዕቃ በመሆንዋ በ110 ቮልትና በ60 ኸርዝ የምትሠራ ናት፤ የእኛ መብራት ደግሞ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ስለዚህ ቮልቱን የሚቀንስ ትራንስፎርመር አብሮ ተገዛ። ትራንስፎርመር ግን ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። በዚህም ምክንያት ሞተሩ በአሜሪካ ከሚዞረው በአንድ ስድስተኛ ያህል ቀርፎ ይዞራል፤ ደግሞም ከልኩ ይበልጥ ይሞቃል። መሞቁን አንባቢ ያስታውስልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የምንኖረው በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው። መኪናዋ የተቀመጠችው በረንዳው ላይ ነበር። ከእኛ በታች ያሉት ጎረቤታችን ነርስ ናቸው፤ በሳምንት ብዙውን ጊዜ የሌሊት ተረኛ ስለሆኑ የሚተኙት ቀን ነው። እንግዲህ ችግሩን ተመልከቱ። ለእኛ ቤት ሲባል ሌሊት ትጥፋ ቢባል፣ ቀን ለእሳቸው ጠላት ትሆናለች፤ ለእሳቸው ሲባል ቀን ትጥፋ ቢባል፣ ሌሊት ታናሽ እኅቴ መተኛት አትችልም። ለዚህች መኪና የሚመች ሰዓት በሃያ አራቱ ውስጥ አልተገኘም።

መኪናዋ በተነሣች በአራተኛው ቀን ነርሷ ወደ ላይ ወጥተው በራችንን አንኳኩ። ወደ ሕንፃው ኮሚቴ ሄደው ሊከሱን ሲችሉ ወደ እኛ መምጣታቸውን እናቴ እስከ ዛሬ ታነሣለች። ቡና ቀረበላቸውና ጥቂት ከተጫወቱ በኋላ «ልጄ፣ ከራሴ በላይ ወፍጮ ቤት ተከፍቷል እንዴ?» አሉኝ፤ እየሣቁ ነበር፤ ዓይናቸው ግን ቀልቶ ነበር። እኔም አሳየኋቸው። ድንጋዮቹን በእጃቸው እያገላበጡ አዩና «ያምራል» አሉ። ከሄዱ በኋላ ግን እናቴ «እኚህ ሴት ሌሊት የሰው ነፍስ ይዘው ነው የሚያድሩት። ሳይተኙ መርፌ ሲወጉ ቢሳሳቱ ያንተ ጠጠር ምን ይጠቅማል?» አለችኝ። አባቴም ነገሩን አሳጠረው፤ «እስከ መጪው እሑድ ዝም አሰኛት። እምቢ ካለች ትሸጣለች» አለ። አባቴ እንዲህ ያለ ቃል ሲናገር ሁለተኛ አይናገረውም።

ከዚያ ወዲያ የሠራሁትን በዝርዝር እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም ጫጫታን መቀነስ ለድንጋይ ማለስለሻ ብቻ ሳይሆን ለውኃ መሳቢያ ሞተርም፣ ለልብስ ማጠቢያም ይሆናል።

በመጀመሪያ ድምፁ ከወዴት እንደሚመጣ መለየት ያስፈልጋል። አንዱ በበርሜሏ ውስጥ ድንጋይ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ነው። ይህ ሁሉም ሰው የሚሰማው ኳኳታ ነው። የበርሜሏ ይዘት ዋና ነገር መሆኑን ያወቅሁት በዚሁ ጊዜ ነው። በርሜል እስከ ግማሽ ብቻ ሲሞላ ድንጋዩ ከላይ ወደ ታች እየወደቀ ይፈነከታል፤ ከሁለት ሦስተኛ እስከ ሦስት አራተኛ ሲሞላ ግን አይወድቅም፤ እየተንሸራተተ ይወርዳል። መንሸራተቱ ነው የሚያለሰልሰው፤ መውደቁ ይሰብራል እንጂ አያለሰልስም። ስለዚህ ጸጥታውና ጥሩው ሥራ አንድ መንገድ ናቸው፤ ይህም በጣም ደስ አሰኘኝ። ባዶውን ቦታ በዚያው ዓይነት ጥቃቅን ጠጠር ሞላሁት፤ ጥቃቅኑ በትላልቆቹ መካከል እየገባ ይለያያቸዋል። ውኃው ወፍራም ጭቃ እንዲሆንና ግጭቱን እንዲያለዝብ ስኳር የሚጨምሩም ሰዎች እንዳሉ አንብቤአለሁ፤ የስኳርን ዋጋ የምታውቅ እናት ያለችው ተማሪ ግን አይሞክረውም።

ባልጩቶቹንም ከበርሜሏ አወጣኋቸው። ሁለቱ ከላንጋኖ አቅጣጫ የመጡ ነበሩ። ባልጩት ከእሳተ ገሞራ የሚወጣ የተፈጥሮ መስተዋት ስለሆነ ከነጩ ጠጠር ይልቅ ለስላሳ ነው፤ ከዚያ ጋር ሲዞር ጠርዙ ይሸራረፋል፤ ሽርፍራፊውም ሌላውን ይጭራል። የጥንት ሰዎች በመልካ ቁንጡሬ ከ1 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባልጩትን መሣሪያ አድርገው የሠሩበት በዚሁ በስለቱ ምክንያት ነው። ከዚያ ስፍራ ማንም ጠጠር ማንሣት እንደማይገባው ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ኦፓል ያለው ሰው ቢኖርም ከሌላ ድንጋይ ጋር እንዳይቀላቅለው እመክራለሁ።

ሁለተኛው የበርሜሏ ገላ ነው። ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራች ስለሆነች እንደ ከበሮ ታስተጋባለች። ይህንን ለማብረድ ምናለሽ ተራ ወርጄ ያረጀ የመኪና ካላማዳሪያ ገዛሁ፤ መኪና ስል አሁን በመንገድ የሚሄደውን ነው። የበርሜሏን ቁመት ያህል ቆረጥኩና እንደ ካልሲ በላይዋ ላይ ሳብኩት። ሁለት ጥቅም ሰጠ፤ የበርሜሏ ገላ መንዘሩ ቀነሰ፣ በዘንጉም ላይ መንሸራተቷ ቀረ። ጎማውን በውስጥ ለማድረግ ያሰበ ቢኖር አይበጅም፤ ሻካራው ዱቄት ከጎማው ሥር ተደብቆ እስከ ማብረቂያው ሳምንት ይቆይና ሥራውን ሁሉ ያበላሻል።

ሦስተኛው ሲጥ ሲጥ የሚለው የዘንጉ ኩሽኔታ ነበር። አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት አዳነችው። ስለዚህ ብዙ የሚጻፍ የለም።

አራተኛው ሥራ ሳጥኑ ነው። ከአንድ አናጢ ቤት የተረፈ ቺፕውድ ለምኜ ሳጥን ሠራሁ፤ ውስጡን በአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ለበጥኩት። ብዙ ሰው ስፖንጅ ድምፅ የሚከለክል ይመስለዋል። ስፖንጅ ድምፅን በሳጥኑ ውስጥ እንዳያስተጋባ ይመጠዋል እንጂ ወደ ውጭ እንዳይወጣ የሚከለክለው ከባዱ እንጨት ነው። ክፍተትም ትልቅ ጠላት ነው፤ ከሳጥኑ ገጽ መቶኛው ክፍል ብቻ ክፍት ቢቀር፣ ግንቡ የቱንም ያህል ወፍራም ቢሆን ከ20 ዴሲቤል በላይ መቀነስ አይችልም። በፊዚክስ መምህራችን አስረጂነት ይህንን ሒሳብ በሠሌዳ ላይ ሠርተነው ነበር።

ታዲያ ክፍተቱን ሁሉ ዘግቼ ሁለት ሰዓት ባቆየው፣ ከቤተ ሙከራ በፈቃድ የተዋስኩት ቴርሞሜትር ከ22 ተነሥቶ 47 ዲግሪ ደረሰ። ከላይ እንዳልኩት ሞተሩ በእኛ መብራት ከልኩ ይበልጥ ይሞቃል። ሌሊት ሰው ተኝቶ ሳለ እንዲህ ያለ ሙቀት በእንጨት ሳጥን ውስጥ ማሳደር የሚያስፈራ ነገር ነው፤ ወላጆች ይህን ክፍል ደግመው ያንብቡት። መድኃኒቱ አየሩ እንዲገባ ድምፁ ግን እንዳይወጣ ማድረግ ነው። ከታች አንድ፣ ከላይ አንድ ቀዳዳ አበጀሁና በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ጊዜ የሚታጠፍ ጠባብ ቦይ ገጠምኩ፤ የቦዩን ውስጥ በስፖንጅ ሸፈንኩ። አየር ታጥፎ ያልፋል፤ ድምፅ ግን በየማጠፊያው እየተመጠጠ ይደክማል። ሙቀቱ 31 ዲግሪ ላይ ቆመ።

ይህን ሁሉ ስሠራ በስልኬ የድምፅ መለኪያ እየለካሁ ነበር። ስልክ ትክክለኛ መሣሪያ ባይሆንም በፊትና በኋላ ያለውን ልዩነት ያሳያል። ከአንድ ሜትር ላይ መጀመሪያ 64 ዴሲቤል ነበር፤ በርሜሏን ስሞላ 58፣ ጎማውን ሳለብስ 55፣ ሳጥኑን ስደፋባት 43 ሆነ። በጠቅላላው ድምፅ በ10 ዴሲቤል ሲቀንስ ለሰው ጆሮ ግማሽ ያህል ሆኖ ይሰማል፤ እንግዲህ ከሁለት ጊዜ በላይ ገምሰነዋል ማለት ነው። ሐሙስ ማታ አባቴ በረንዳው በር ላይ ቆሞ አዳመጠና «አሁን ሰው ቤት ሆነ» አለ። እኅቴም ተኛች። እኔም ሥራው ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ዓርብ ጧት ነርሷን ደረጃ ላይ አገኘኋቸው። ከሥራ እየገቡ ነበር። እንዴት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ኳኳታው የለም፤ እግዚአብሔር ይስጥህ። ያኛው ግን አለ» አሉ። የትኛው? «ዝዝዝ የሚለው። ትራስ ላይ ጆሮዬን ሳስቀምጥ ነው የሚመጣው።»

እናቴን አስከትዬ ወደ ቤታቸው ወረድኩ። በመኝታ ክፍላቸው ስልኩን አውጥቼ ለካሁ። መኪናይቱ እየሠራች 33 ዴሲቤል፤ ወንድሜን ጠርቼ አጥፋ አልኩትና ደግሜ ለካሁ፤ አሁንም 33። በቁጥሩ በኩል መኪናዋ ብትኖርም ባትኖርም ልዩነት የለም። ቁጥሩን ላሳያቸው እጄን ዘርግቼ ሳለሁ እናቴ ገሠጸችኝ፤ «ሰው አልተኛሁም ሲልህ ስልክ ታሳየዋለህ?» አለች።

ይህ ነገር ለምን እንደሚሆን ከመምህራችን ጋር ተነጋገርን። ተራው የድምፅ መለኪያ ሁሉንም ድምፅ እኩል አይቆጥርም፤ የሰው ጆሮ ወፍራሙን ድምፅ ደከም አድርጎ ስለሚሰማው መለኪያውም ያንን እያሰበ ይቀንሳል። በ100 ኸርዝ ላይ ያለውን ወፍራም ድምፅ በ19 ዴሲቤል ያህል ቀንሶ ነው የሚጽፈው። ቀን በገበያ መካከል ይህ አቆጣጠር ልክ ሊሆን ይችላል። በጸጥታ ክፍል፣ ትራስ ላይ ለተኛ ሰው ግን የማያቋርጥ ወፍራም እምታ ሌላ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ በመኝታ ክፍል የማያቋርጥ ድምፅ ከ30 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ከመከረ በኋላ፣ ወፍራም ድምፅ የበዛበት ከሆነ ግን ልኩ ከዚያም ማነስ እንዳለበት ጨምሮ ጽፏል። መመሪያውን የጻፉት ሰዎች ከነርሷ ጋር የተነጋገሩ ይመስላል።

እንግዲህ የሚለካው ጆሮ የእኔ አልነበረም፤ ከበረንዳው ላይ ሆኖ መለካትም አይቻልም ነበር። ስለዚህ ቅዳሜ ከቀትር በፊት እንዲህ አደረግን። ነርሷ አልጋቸው ላይ ጋደም አሉ፤ እናቴ አጠገባቸው ተቀምጣ ስልኩን ያዘች፤ እኔ ደግሞ ከላይ ሆኜ አንዱን ነገር ብቻ እየነካሁ እጠይቃለሁ። ምን እንደምነካ አልነግራቸውም።

መጀመሪያ በርሜሏን አንሥቼ ሞተሩን ብቻ አስነሣሁ። «አለ» አሉ። ቺንጋውን ፈታሁ፤ ሞተሩ ባዶውን ዞረ። «አለ።» ሞተሩን አጠፋሁት። ምንም የሚዞር ነገር የለም፤ ሳጥኑም ክፍት ነው፤ በረንዳው ጸጥ ብሏል።

«አሁንስ እትዬ?»

«አሁንም አለ።»

መኪናዋ ጠፍታ ሳለ! ለጥቂት ጊዜ ምን እንደምል አጣሁ። ምናልባት የጎረቤት ፍሪጅ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ዓይኔ ግድግዳው ሥር ባለው ትራንስፎርመር ላይ ዐረፈ። ሶኬቱን ነቀልኩት።

«ሄደ! ሄደ! ምን አደረግህ?» የሚለው ድምፅ በስልኩም በደረጃውም በኩል መጣ።

ትራንስፎርመሩ ጡብ ያህል የሚከብድ የብረት ልብ አለው። መብራት እስካለው ድረስ፣ ሌላው ዕቃ ቢሠራም ባይሠራም፣ ብረቱ በሴኮንድ 100 ጊዜ እየተሳበና እየተለቀቀ ይነዝራል፤ የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ እጥፉ ማለት ነው። በአየር የሚሰማው ድምፅ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ አጠገቡ ቆሜ አልሰማውም ነበር። ነገር ግን በአራት የብረት እግር ጠንካራው ሴራሚክ ላይ ተቀምጦ ሴራሚኩን፣ ከሴራሚኩም በታች ያለውን ሲሚንቶ ያናግራል። የእኛ ወለል ደግሞ የእሳቸው ጣራ ነው፤ ያ ሰፊ ጣራ እንዳለ እንደ ከበሮ ቆዳ ሆኖ ይናገራል። የመኪናዋ ሞተርም ያንኑ ያህል ባይሆን በዚሁ መንገድ ይወርዳል። ሳጥን ለዚህ ምንም አይረባም፤ ድምፁ በአየር አልሄደምና።

መድኃኒቱ ከወለሉ ጋር ያለውን ግንኙነት መቁረጥ ነው። አያቴ «ጅባ አንጥፍለት» አሉኝና ሞከርኩት፤ ጥቂት ቀነሰ፤ ነገር ግን ጅባ ከክብደት በታች ይረግጥና ይጠነክራል። ጥሩ ሞላ የሚሆነው ሲጫኑት ጎንበስ የሚል፣ ሲለቁት የሚነሣ ነገር ነው። የተጫነው ነገር በከበደ መጠን ሞላውም በለሰለሰ መጠን የሁለቱ የራሳቸው ምት ዝግ ይላል፤ ንዝረቱ ከዚያ ምት እጅግ ከፈጠነ ወደ ወለሉ አይተላለፍም። ምቱን ለማወቅ ቀላል ሒሳብ አለ፤ ሞላው በጭነቱ ምክንያት በ1 ሴንቲ ሜትር ቢሰጥም ምቱ በሴኮንድ 5 ያህል ነው፤ ይበልጥ ሲሰጥም ይበልጥ ይዘገያል።

ስለዚህ ከእብነ በረድ ቆራጮች ዘንድ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ስብርባሪ ሰሌዳ አመጣሁ፤ ውፍረቱ 3 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 13 ኪሎ ያህል ነው። ከሥሩ የእጅ ጋሪ ካላማዳሪያ ግማሽ አየር ሞልቼ አስተኛሁ። አየሩን መሙላት ስሕተት ነው፤ ከጠነከረ ሞላነቱ ይቀራል። ሰሌዳው ሲጫንበት 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ሰጠመ፤ በሒሳቡ ምቱ 4 ገደማ ይሆናል። ከ100 ጋር ሲተያይ በጣም ሩቅ ነው። ወረቀት ላይ ስሠራው ወደ ወለሉ የሚያልፈው ከ600 እጅ አንድ እጅ ብቻ ሆነ፤ ጎማ ግን ሒሳብ የሚለውን ሁሉ እንደማይሰማ መምህራችን አስጠንቅቀውኛል። ትራንስፎርመሩንም በዚያው ሰሌዳ ላይ አወጣሁት፤ በሥሩ ከአሮጌ ሸበጥ የተቆረጡ አራት እግሮች አደረግሁለት። ሸበጡ የእኅቴ ነበር፤ አሮጌ ስለመሆኑ በመካከላችን ክርክር አለ።

ሁለት ነገር ልጨምር። ሰሌዳው ግድግዳውን በየትም በኩል መንካት የለበትም፤ አንዲት ጣት ያህል ብትነካ ንዝረቱ በዚያ በኩል ይወጣል። ሽቦውም ተወጥሮ መሄድ የለበትም፤ ልል ሆኖ መንጠልጠል ይገባዋል።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ያንኑ ፈተና ደገምን። ሁሉንም አስነሣሁ፤ በርሜሏ ሞልታ፣ ሳጥኑ ተደፍቶ። ነርሷ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። እናቴን «ምን ይላሉ?» ብዬ ብጠይቃት፣ በሹክሹክታ «ተኝተዋል፤ ዝም በል» አለችኝ። እኔም ስልኩን ዘጋሁ። አባቴ ስለ ሽያጩ ጉዳይ ከዚያ ወዲህ አላነሣም።

ሥራው መብራት በጠፋባቸው ቀናት ምክንያት 28 ቀን ሳይሆን 33 ቀን ፈጀ። መብራት ሲጠፋ ዱቄቱ ከሥር ይረጋል እንጂ ድንጋዩ አይበላሽም፤ መብራቱ ሲመጣ በርሜሏን በእጅ ሁለት ሦስት ጊዜ ገልበጥ ገልበጥ ማድረግ ይበቃል። የሚወጣውን ጭቃ ወደ ማጠቢያ ማፍሰስ አይገባም፤ ቱቦ ውስጥ ረግቶ እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል። እኔ በባልዲ አውርጄ ከግቢው አጥር ሥር ቀበርኩት።

ከገቡት 46 ድንጋዮች 41 ደኅና ሆነው ወጡ። አምስቱ ቀድሞ ስንጥቅ የነበረባቸው ናቸው። ነርሷ ሲያዩዋቸው ብዙ አገላብጠው አንዲት ቀይ፣ በመካከልዋ ነጭ ክር ያለባትን መረጡ። ከብርሃን ፊት አድርገው አዩና «ይኼንን ሲፈጭ ነው እንግዲህ የሰማሁት» አሉ። የሰሙት ትራንስፎርመሩን መሆኑን ልነግራቸው ፈልጌ ነበር፤ እናቴ ግን አየችኝና ተውኩት።

አሁን መኪናዋ ቆማለች። ደቃቁ ዱቄት አልቋል፤ አጎቴ በገና ሲመጣ ሊያመጣልኝ ቃል ገብቷል። ሳጥኑንና ሰሌዳውን ማየት የሚፈልግ የክፍል ጓደኛ ቢኖር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይምጣ፤ ከጧቱ ግን አይሁን፤ የታችኛው ቤት ሰው ይተኛል።